ሙሉና ጎዶሎ፦ ሊኑክስ ቅርንጫፎቹን ያስታረቀበት ታሪክ

ዩኒቨርሲቲ እያለን የመመረቂያ ጽሑፋችንን ሦስት ሆነን ነበር የሠራነው። ፋይሉ መጀመሪያ “ረቂቅ” ተባለ። ቀጥሎ “የመጨረሻ”፣ ከዚያ “የመጨረሻ የመጨረሻ”… አንዷ ጓደኛችን ምዕራፍ ሦስትን በፍላሽ ይዛ ለሁለት ወር ጠፋች። ስትመለስ እሷ የምትጠቅሰው ሠንጠረዥ እኛ ጋ የለም፤ እኛ የቀየርነው መጠይቅ እሷ ጋ አልተቀየረም። ሁለቱን ለማስታረቅ የፈጀብን ጊዜ ለመጻፍ ከፈጀብን በለጠ ብላችሁ አታምኑኝም።

ያኔ ጣጣው የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ላይ ግን የዓለማችን ምርጥ ፕሮግራመሮችም በዚሁ ነገር ዓመታት እንደተንገላቱ አነበብኩ። የዛሬው ወጌ ስለ እነሱ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ አልተማርኩምና አትፍሩ፣ በሰው አማርኛ ነው የማወራው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሊኑክስን ከርነል መጻፍ ጀመረ። ከርነል ማለት የኦፕሬቲንግ ሲስተም እምብርት ነው፤ ፕሮግራሞች ከሜሞሪው፣ ከዲስኩና ከኔትወርኩ ጋር የሚገናኙት በእሱ በኩል ነው። ሊኑስ ኮዱን ለሁሉም ክፍት አደረገው። ከየአገሩ ያለ ሰውም ይጨምርበት፣ ያርመው ጀመር።

ተጠቃሚው ሲበዛ ግን ፍላጎቱ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ አዲስ ነገር ይፈልጋል። ሌላው ሥራውን በሊኑክስ ላይ ጥሏልና “እባካችሁ የሚሠራውን አትነካኩብኝ” ይላል። መፍትሔው ቅርንጫፍ ሆነ፦ የኮዱን ግልባጭ ከግንዱ ለይቶ ለብቻው ማሳደግ። ማርች 1994 ቨርዥን 1.0 ከወጣ በኋላ ቅርንጫፎቹ በሙሉና በጎዶሎ ቁጥር ይለዩ ጀመር። ከነጥቡ በኋላ ያለው ቁጥር ሙሉ ከሆነ (1.2፣ 2.0፣ 2.2) የተረጋጋ ነው፣ ሥራችሁን ጣሉበት። ጎዶሎ ከሆነ (1.3፣ 2.1፣ 2.3) የሙከራ ሜዳ ነው፣ ቢፈርስባችሁ በራሳችሁ ፍረዱ።

ሲያዩት ያምራል አይደል? ችግሩ ጊዜ ነበር። ከ1.0 እስከ 1.2 አንድ ዓመት ፈጀ። 2.0 ጁን 1996 ወጣ፣ 2.2 ግን እስከ ጃንዋሪ 1999 አስጠበቀ። ከጃንዋሪ 2001ዱ 2.4 እስከ ዲሴምበር 2003ቱ 2.6 ደግሞ ሦስት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

በሦስት ዓመት ውስጥ ስንት ነገር ይለወጣል! አዳዲስ ማሽኖች ይመጣሉ፣ ደንበኛ ይጠይቃል። ሊኑክስን የሚያከፋፍሉ ኩባንያዎች መጠበቅ ስላልቻሉ ከሙከራው ቅርንጫፍ የሚያስፈልጋቸውን እየቆረጡ አሮጌው ላይ መለጠፍ ያዙ። ሬድ ሃት በ2003 ያወጣው የድርጅት ሊኑክስ በስሙ 2.4 ነው፤ ውስጡ ግን ከአዲሱ ቅርንጫፍ የተወሰዱ ትልልቅ ክፍሎች ነበሩት። እንዲህ እንዲህ እያለ “2.4” የሚባለው ነገር እንደየኩባንያው የተለያየ ሆነ። አንዱ ጋ የተጠገነ ስህተት ሌላው ጋ ሲወሰድ አልገጥም ይላል።

የተረጋጋ የተባለውም ቢሆን አልተረጋጋም። ሴፕቴምበር 2001 በ2.4.10 ላይ የሜሞሪ አስተዳደሩ ዋና ክፍል እንዳለ በሌላ ተተካ። ያውም በሙሉ ቁጥሩ ቅርንጫፍ ላይ! ያው ዓመት ሳያልቅ የ2.4 ጥበቃ ማርሴሎ ቶሳቲ ለሚባል የ18 ዓመት ብራዚላዊ ተሰጠ። (እኛ በ18 ዓመታችን የማትሪክ ውጤት እየጠበቅን ነበር።)

እንግዲህ ስህተቱ የት ላይ ነው? እንደ እኔ ፍርሃቱ ላይ ነው። አዲሱን ነገር ካራቅነው አደጋውም ይርቃል ብለው ነበር። ነገር ግን መራቁ ራሱ አደጋ ሆነ፤ የመመለሻው ቀን ሲደርስ የሦስት ዓመት ለውጥ በአንድ ላይ መጣ።

ጁላይ 2004 የከርነሉ ሠሪዎች ካናዳ፣ ኦታዋ ላይ ተሰብስበው ቁርጥ ያለ ነገር ወሰኑ። 2.7 የሚባል የሙከራ ቅርንጫፍ አይከፈትም። አዲስ ሥራ አንድሩ ሞርተን በሚይዘው የመሞከሪያ ኮድ ውስጥ ይፈተሽና በቀጥታ ወደ 2.6 ይግባ። ጎዶሎ ቁጥር በዚሁ ቀረ።

ዓመቱ 2005 ሲሆን የጎደለው ሁሉ ተራ በተራ ተሟላ። ማርች ላይ ግሬግ ክሮሃርትማንና ክሪስ ራይት በየቨርዥኑ ሥር ትንሽ የጥገና ቅርንጫፍ ጀመሩ። ደንቡ ጥብቅ ነው፦ ጥገናው አጭር ይሁን፣ ሰውን በእውነት የሚያስቸግር ስህተት ያስተካክል፣ አዲስ ነገር ግን አይግባ። ኤፕሪል ላይ ደግሞ ኮዱን ያስተዳድሩበት የነበረው ቢትኪፐር የተባለ የንግድ ሶፍትዌር የነጻ ፈቃዱን በጠብ ምክንያት ሲያነሳባቸው፣ ሊኑስ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጊትን መጻፍ ጀመረ። ጊት ቅርንጫፍ መክፈትንም ሆነ መልሶ ማዋሐድን ቀላል አደረገው። በዚያው ዓመት የመግቢያ በር ደንብ መጣ፦ ለሁለት ሳምንት በሩ ይከፈታል፣ የደረሰ ሥራ ሁሉ ይገባል፤ ከዚያ ይዘጋና ለሳምንታት ስህተት ማረም ብቻ ይሆናል። ዘጠኝ ወይም አሥር ሳምንት ገደማ ሲሞላ አዲስ ቨርዥን ይወጣል።

የዚህ ደንብ ብልሃት የታክሲ ሰልፍ ለሚያውቅ ሰው ግልጽ ነው። የሌሊቱ የመጨረሻ ታክሲ ከሆነ ሁሉም ይጋፋል፣ በመስኮትም ይገባል። ቀጣዩ እንደሚመጣ ካወቅን ግን ማን ይጋፋል? ድሮ ያመለጠው ሰው ሦስት ዓመት ስለሚጠብቅ ያልበሰለ ሥራውን ለማስገባት ይታገል ነበር። አሁን ሁለት ወር ቢጠብቅ ነው።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ስለ ስልኩ የሚለውን ፈትሹ፤ የከርነል ቨርዥን የሚል መስመር አለ። አዎ፣ ሊኑክስ ነው። አንድሮይድም በተራው ከግንዱ ርቆ ነበር፤ በ2010 ኮዱ ከዋናው ሊኑክስ ወጣ፣ በ2012 በ3.3 ቨርዥን መመለስ ጀመረ። የቺፕ ሠሪውና የስልክ አምራቹ ግን የየራሳቸውን ሲጨምሩበት ኖረዋል። ስለዚህ ግንዱ ላይ የተደፈነ የደህንነት ቀዳዳ በእነሱ እጅ አልፎ ነው እናንተ ጋ የሚደርሰው፤ ብዙ ጊዜም መንገድ ላይ ይቀራል።

በ2017 አንዳንድ የከርነል ቅርንጫፎች ለስድስት ዓመት እንደሚጠገኑ ተነገረ። በ2023 ደግሞ ለአዲሶቹ ወደ ሁለት ዓመት እንደሚመለስ ተሰማ፤ አሮጌ ቅርንጫፍን መጠገን ጠጋኞቹን አድክሟል፣ የሚጠቀምበትም ጥቂት ነው ተባለ። ስልክ ከታላቅ ወደ ታናሽ ለሚወርድልን ለእኛ ይሄ ቀላል ወሬ አይደለም። ኮዱ ነጻ ነው፤ ቁጭ ብሎ የሚጠግነው ሰው ጊዜ ግን ነጻ አይደለም።

አባቶች ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለእሳት ብቻ አይመስለኝም። ያቺ ጓደኛችን ፍላሿን በየሳምንቱ አርብ ይዛ ብትመጣ ኖሮ በየአርቡ ለአሥር ደቂቃ ተጨቃጭቀን እንለያይ ነበር። እኛ ግን ጭቅጭቁን ለሁለት ወር አጠራቀምነው።

ቸር ይግጠመን!