ብሩሽ፣ ብርጭቆ ወረቀትና አንድ ሊትር ወተት

ዘመን መለወጫ ሲቃረብ አዲስ አበባ ውስጥ ከበግ ቀጥሎ የሚፈለገው ቀለም ቀቢ ነው። ዓመቱን ሙሉ በጭስና በልጆች እጅ የጠቆረ ግድግዳ ጳጉሜን ሲደርስ ድንገት ያስጠላል። እኔም እንደ ሰዉ ሁሉ ተቻኩዬ የሰፈራችንን ቀለም ቀቢ ጠራኋቸው። አርባ ዓመት ግድም የሰው ቤት ሲያሳምሩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ግድግዳውን ዳበስ ዳበስ፣ በጥፍራቸው ፈቅፈቅ አድርገው አዩትና የሲጋራ ፓኬት ገልብጠው የሚገዛውን ጻፉልኝ። ቀለም፣ ስቱኮ፣ ጀሶ፣ አኳራጅ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ሮለር። ከሁሉም በታች አንዲት ቃል ሰፍራለች፤ «ወተት»።

«ጋሼ፣ ይሄ ደግሞ ስቱኮው ውስጥ የሚገባ ነው?» አልኳቸው።

«የለም ልጄ፣ እኔ ውስጥ የሚገባ ነው። በቀን አንድ ሊትር። መርዙን ጠራርጎ ያወጣዋል።»

በእጅ ዋጋውና በቀኑ ብዛት ላይ ተከራከርን። ለአራት ቀን ያሉኝን በሦስት ቀን አስጨረስኳቸው፤ ማለቴ በአፍ አስጨረስኳቸው። በማግስቱ መጥተው የእቃ ቦርሳቸውን መሬት ላይ ሲዘረግፉ ግን ዓይኔ እዚያው ቀረ። እኛ ቀለም እንጂ የቀለም ቀቢ እቃ አናይም። እያንዳንዱ ግን ታሪክ አለው።

ከስሞቹ እንጀምር። ስቱኮ፣ ጀሶ፣ አኳራጅ የምንላቸው ጣሊያንኛ ናቸው። ጣሊያን ሄደ፣ ቃላቱ ግድግዳችን ላይ ተለጥፈው ቀሩ። «ብርጭቆ ወረቀት» የሚለው ስም ደግሞ የራሱን ጉድ ይናገራል። የዛሬው ወረቀት ላይ ብርጭቆ ፈልጋችሁ አታገኙም። ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ በእርግጥም ብርጭቆ ተፈጭቶ፣ በሙጫ ወረቀት ላይ ተነስንሶ ይሸጥ ነበር። ብርጭቆው ከወረቀቱ ረግፎ ከስሙ ሳይረግፍ ቀረ።

ብሩሹስ? ለረጅም ዘመን ምርጡ የቀለም ብሩሽ ከቻይና የሚመጣ የአሳማ ፀጉር ነበር። ፀጉሩ ጫፉ ላይ ስለሚሰነጠቅ ቀለም ይዞ ይቆያል፣ ሲጎተትም መስመር አይተውም። እ.ኤ.አ. በ1950 መጨረሻ፣ በኮሪያ ጦርነት ምክንያት፣ አሜሪካ ከቻይና ጋር ንግድ ስታቋርጥ የብሩሽ ፋብሪካዎች ፀጉር አጡ፤ ናይለንም ገበያውን አገኘ። እኔ ደግሞ ያሰብኩት የኛን ሰው ነው። እድሜ ልኩን አሳማ በአፉ ሳይዞር፣ የአሳማ ፀጉር በእጁ ይዞ ስንቱን ቤት አሳምሯል!

ሮለሩን እ.ኤ.አ. በ1940 የሠራው የቶሮንቶው ኖርማን ብሬኪ ነው ይባላል። ብሩሽ ግማሽ ቀን የሚፈጅበትን ግድግዳ በጥቂት ሰዓት የሚጨርስ መሣሪያ ሠርቶ፣ ትርፉን ሌሎች በሉት።

የወረቀት ፕላስተሩ ታሪክ ደግሞ ለብቻው ሊነገር የሚገባ ነው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ መኪናን በሁለት ቀለም መቀባት ፋሽን ሆነ። ሁለቱ ቀለሞች የሚገናኙበት መስመር ቀጥ እንዲል ሠራተኞቹ ጋዜጣ በሙጫ ይለጥፋሉ፤ ሲያነሱት ቀለሙም አብሮ ይላጣል። ስድብ በስድብ ይሆናሉ። ሪቻርድ ድሩ የሚባል የስሪኤም ኩባንያ ወጣት ሠራተኛ፣ ብርጭቆ ወረቀት ሊያስሞክር ሚኒሶታ ውስጥ አንድ ጋራዥ ሲገባ ይህን ስድብ ሰማ። «እኔ መላ አበጅለታለሁ» ብሎ ሄደና ሁለት ዓመት ግድም ሲሞክር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1925 ፕላስተሩን ይዞ መጣ።

ሁለት ዓመት። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ጋሼ ሥራቸውን በደረቅ ፍቅፈቃ ጀመሩ። አሮጌው ቀለም እየተፈለፈለ ሲወርድ ክፍሉ እንደ ወፍጮ ቤት ነጣ። ቅንድባቸው፣ ጢማቸው፣ ከንፈራቸው ነጭ ሆነ። ቦርሳው ውስጥ ብሩሽ በየመጠኑ፣ አራት ዓይነት መፋቂያ፣ ውኃ ልክ ሳይቀር አለ። አፍና አፍንጫ መሸፈኛ ግን የለም። የእሳቸው መሸፈኛ ወተቱ ነው።

እዚህ ላይ ነገሩ ይከብዳል። የአውሮፓ ሠዓሊና ቤት ቀቢ ለብዙ መቶ ዓመታት የሚወደው ነጭ ቀለም ከእርሳስ የሚሠራ ነበር። ልጆች የሚጽፉበትን እርሳስ አይደለም የምለው፤ ከባዱን ብረት ነው። የእርሳስ ዝርግ ከኮምጣጤ ጋር በሸክላ ውስጥ ሆኖ በፈረስ ፋንድያ ይቀበርና ከሳምንታት በኋላ ነጭ ቅርፊት አውጥቶ ይገኛል። ይፈጫል፣ በዘይት ይለወሳል። ግድግዳን እንደሱ የሚሸፍን አልነበረም። ሰውንም እንደሱ የሚሸፍን ጥቂት ነው። ሆድ ያስራል፣ ያቆርጣል፤ ቁርጠቱ በእንግሊዝኛ በቀለም ቀቢዎች ስም እስከመጠራት ደርሷል። ሲብስ የእጅን ጅማት ያሽመደምድና መዳፍ ከአንጓው ላይ ወርዶ ይንጠለጠላል። ብሩሽ የሚይዘው እጅ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ይህ ያልታወቀ ምሥጢር አልነበረም። በርናርዲኖ ራማዚኒ የተባለው ጣሊያናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ በጻፈው መጽሐፍ ቀለም የሚቀቡ ሰዎች ጤና የሚያጡት ከሚነኩት ቀለም የተነሣ መሆኑን ጽፏል። ሐኪም በሽተኛውን «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ የመከረም እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሚገርመኝ ሰው ፈረንሳዊው ለክሌር ነው። የገጠር ጫማ ሰፊ ልጅ፣ በ17 ዓመቱ ፓሪስ ገብቶ ቀለም መቀባት ተማረ፤ በኋላም የብዙ ቀለም ቀቢዎች አሠሪ ሆነ። ሠራተኞቹ በእርሳስ ሲመረዙ አይቶ ዝም ማለት አልቻለም። በ1840ዎቹ ከዚንክ የሚሠራ፣ ሰውን የማይመርዝ ነጭ ቀለም በሚቀመስ ዋጋ እንዲገኝ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1842 ደግሞ «ትርፉን አካፍላችኋለሁ» አላቸው። ማን ይመነው! ደሞዛችንን ሊቀንስ ነው ተብሎ ታማ። በዓመቱ ግን አንድ ከረጢት የወርቅ ሳንቲም ጠረጴዛ ላይ ዘርግፎ ለየድርሻቸው አከፋፈላቸው። የዘመኑ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆን ስቱዋርት ሚል ሳይቀር በ1848 መጽሐፉ አነሣው።

ታዲያ መፍትሔው ከተገኘ ዓለም ሁሉ ተከተለው? አልተከተለውም። በሕንፃ ውስጥ ቅብ ነጭ እርሳስ እንዳይገባ የሚከለክለው ዓለም አቀፍ የሥራ ስምምነት ጄኔቫ ላይ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው፤ እሱም ለባቡር ጣቢያና ለፋብሪካ ቀዳዳ ትቶ። አሜሪካ ለቤት የሚሆን የእርሳስ ቀለም የከለከለችው በ1978 ነው።

አሁን ያስያዝኳችሁን ቁጥር አውጡ። የመኪናው ቀለም እንዳይላጥ መላ ለማግኘት የወሰደው ሁለት ዓመት ነው። የቀቢው እጅ እንዳይሽመደመድ ከራማዚኒ መጽሐፍ እስከ ጄኔቫ የወሰደው 221 ዓመት። ቦርሳው ውስጥ ያሉት እቃዎች በሙሉ ሥራውን ለማፍጠን ወይ ለማሳመር የተፈለሰፉ ናቸው። ያዘዛቸውም የከፈለባቸውም ግድግዳው ባለቤት፣ ማለትም እኔ ነኝ። ሰውየውን የሚጠብቀውን እቃ ግን የሚያዝ ሰው የለም።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 ክፍል እንዳይበልጥ የሚያዝ ደንብ እ.ኤ.አ. በ2018 ወጥቶልናል። ደግ አድርገዋል። ነገር ግን ደንብ የሚከለክለው የሚመረተውን ነው እንጂ፣ ከደንቡ በፊት በር፣ መስኮትና ግድግዳ ላይ የተደራረበውን አይፍቅም። እሱን የሚፍቁት ጋሼ ናቸው፣ በደረቁ።

ወተቱስ? ፈጽሞ ተረት ነው እንዳልል እፈራለሁ። ካልሲየም የሞላበት ምግብ አንጀት የሚቀበለውን እርሳስ ሊቀንስ ይችላል። በአፍንጫ ገብቶ ሳንባ የደረሰውን ብናኝ ግን ወተት መንገዱንም አያውቀው።

እናም በሁለተኛው ቀን ከወተቱ ጋር ብናኝ የሚያጣራ መሸፈኛ ገዝቼ መጣሁ። ጋሼ አዩት፣ ሳቁ፣ አጠለቁት፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ አገጫቸው ሥር አገኘሁት። «ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ደግሞ ኮሮና አልፏል እኮ» አሉኝ።

«እንግዲያስ ግድግዳውን በውኃ እያራሱ ቢፍቁትስ? አቧራው አይነሣም።»

«እሱማ ደግ ነበር። ድሮ አለቃችን እንደዚያ ነበር የሚያሠራን።» ትንሽ ዝም አሉ። «ግን እስኪደርቅ ይጠበቃላ። አንድ ቀን ይጨምራል።»

አንድ ቀን። ተከራክሬ የቀማኋቸው ያችኑ ቀን! ለክሌርን ሳደንቅ አምሽቼ፣ የአንድ ቀን ሒሳብ ላይ ስደርስ አፌ ተያዘ። በዓሉ፣ እንግዳው፣ የባለቤቴ ፊት በዓይኔ መጣ። ቆይቼ «ይጨምር» አልኩ፤ የድምፄን ማነስ እሳቸውም የታዘቡት ይመስለኛል።

ለእንቁጣጣሽ የሳሎናችን አንዱ ግድግዳ በስቱኮ እንደተለሰነ፣ ቀለም ሳይነካው እንግዳ ተቀበልን። ማግስቱን ጋሼ መጥተው ጨረሱት። መሸፈኛው አሁንም አገጫቸው ሥር ነበር። ወተቱንም ጠጡ።