«ሽፍታ»፣ «ድርቡሽ»፣ «ወረራ»፦ የታሪክ ትርጓሜና የፖለቲካ ቋንቋ በመተማና በገዳሪፍ ድንበር

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1889 ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የወደቁበትን ውጊያ ኢትዮጵያውያን የታሪክ ጸሐፊዎች «የመተማ ጦርነት» ሲሉት፣ በሱዳን «የቀላባት ውጊያ» ይባላል። ልዩነቱ በቦታ ስም አያበቃም። በአንደኛው ትረካ ንጉሠ ነገሥቱ ለአገርና ለሃይማኖት የተሠዉ ሰማዕት ናቸው፤ በሁለተኛው ውጊያው ከመህዲያ ታላላቅ ድሎች አንዱ ነው። ባላጋራውም ሁለት መጠሪያ አለው። አማርኛ «ድርቡሽ» ይለዋል፤ መህዲው ግን ይህን ስም ከልክሎ ተከታዮቹ «አንሷር» እንዲባሉ አዞ ነበር።

በገዳሪፍ ግዛት፣ ስሟ ራሱ በዐረብኛ «ምድረ በዳ» እና «መትረፊያ» የሚሉ ተቃራኒ ትርጉሞችን ያዘለውን መፋዛን ጨምሮ፣ ከአማርኛ የተሻገረ አንድ ቃል ይሰማል፤ «ሽፍታ»። ቃሉ በአማርኛ ዘራፊንም፣ በገዢ ላይ ያመፀ ጀግናንም ይጠራል። ካሳ ኃይሉ በቋራ ሸፍቶ እ.ኤ.አ. በ1855 ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነግሧል። ቃሉ ወደ ሱዳን ዐረብኛ ሲገባ ግን ጀግናው ከድንበሩ ወዲህ ቀረ፤ የተሻገረው ዘራፊው ብቻ ነው። በአል ፋሻጋ የሚያርስ ገበሬና ከብት የሚነዳ ወንበዴ በዚህ አንድ ቃል ሲጠቀለሉ፣ ሁለቱን ለይቶ መዳኘት ያዳግታል።

የመሬቱ ክርክር የሚመዘዘው እ.ኤ.አ. በ1902 ዐፄ ምኒልክ ከብሪታንያ ጋር ከተፈራረሙት ውል ነው። በዓመቱ ሻለቃ ቻርልስ ግዊን መስመሩን ያለ ኢትዮጵያ ተወካይ ከለለ። ሱዳን ክለላው ያለቀ ጉዳይ ነው ስትል፣ ኢትዮጵያ የአንድ ወገን ሥራ ነው ትላለች። እ.ኤ.አ. የ1972ቱ የደብዳቤ ልውውጥ የግዊንን መስመር መነሻ ቢያደርግም፣ የኢትዮጵያውያን አራሾች ጉዳይ በስምምነት እስኪፈታ ነባሩ ሁኔታ እንዲጠበቅ ተስማምቷል።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 የትግራይ ጦርነት ሲፈነዳ የሱዳን ጦር ወደ አል ፋሻጋ ገፋ። ካርቱም እርምጃውን «ዳግም ስምሪት» አለችው፤ አዲስ አበባ «ወረራ»። «ዳግም» የሚለው ቃል የባለቤትነትን ጥያቄ ሳይከራከር ዘጋው። «ወረራ» በበኩሉ በአማርኛ ሰሚ ጆሮ የፋሺስት ጣሊያንን ዘመን ይቀሰቅሳል፤ ወራሪን ደግሞ መመከት እንጂ መደራደር የተለመደ አይደለም።  በ1972ቱ ሰነድ ውስጥ ግን ገበሬው ሽፍታም ወራሪም ተብሎ አልተጠራም፤ የተጻፈው በሚያርሰው መሬት ነው።