ያዘመመው ቅስት፦ በኒው ዮርክ አደባባይ ቆሞ ስለ ተነሣ የጥበብ ሥራ

የጥበብ ሥራ ከሥዕል ቤት ወጥቶ በአደባባይ በቆመ ጊዜ፣ ሊያየው ፈልጎ የመጣውን ብቻ ሳይሆን፣ እንጀራው በዚያ በኩል የሚያሳልፈውንም ሰው ሳይጠይቅ ተመልካች ያደርገዋል። ይህ የሚያስነሣውን ክርክር ለመመርመር የሪቻርድ ሴራን «ያዘመመ ቅስት» መርጠናል። (ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የአሜሪካን መንግሥት ሕንፃዎች የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት፣ የባለሙያዎችን ምክር ተቀብሎ፣ በ1979 ሴራን ለማንሃተኑ የፌዴራል አደባባይ አንድ ሥራ እንዲሠራ በ175,000 ዶላር አዘዘው። እርሱም በ1981 ርዝመቱ 36 ሜትር ተኩል፣ ከፍታው ከ3 ሜትር ተኩል በላይ፣ ውፍረቱ ግን 6 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ፣ ጥቂት ያዘመመ የብረት ግድግዳ አደባባዩን አቋርጦ አቆመ። ብረቱ ቀለም አልተቀባም፤ ዝገቱ ራሱ ልብሱ እንዲሆን ታስቦ የተመረጠ ነው። መንገዱን መዝጋቱም በስሕተት የመጣ አልነበረም፤ መንገደኛው ዙሪያውን ሲሄድ የቅስቱ መልክ በየእርምጃው እየተለወጠ ስፍራውን እንደ አዲስ እንዲያስተውለው ታስቦ ነው። በሕንፃው ውስጥ ከሚሠሩት ብዙዎች ግን በየቀኑ ያዩት የነበረው የዛገ ግድግዳና የረዘመ መንገድ ነበር። አቤቱታቸውም ሥራው በቆመበት ዓመት ተጀመረ።

በመጋቢት 1985 ጉዳዩ ለሦስት ቀን በጉባኤ ተሰማ። አንድ የጥበቃ ባለሙያ፣ ቦምብ ቢፈነዳ ግድግዳው ኃይሉን ወደ ሕንፃዎቹ ይመልሰዋል ብሎ እስከ መመስከር ደረሰ! ከተናገሩት 180 ሰዎች 122ቱ ይቆይ፣ 58ቱ ይነሣ አሉ። ጉባኤውን የመሩት አምስት ሰዎች ግን አራት ለአንድ ሆነው ይነሣ ብለው ፈረዱ።

አንዳንዶች ይህን የብዙኃን ድምፅ መረገጥ ብለውታል። እኛ ግን ቁጥሩን ብቻ አንቀበልም። ይቆይ ካሉት ብዙዎቹ የጥበብ ሰዎች ነበሩ፤ አደባባዩን በየዕለቱ የሚያቋርጠው ጸሐፊ ድምፅ ከእነርሱ ድምፅ ጋር እኩል የተቆጠረ አይመስለንም። ዋናው ጥፋት ከጉባኤው በፊት የተፈጸመ ነው፤ ሥራው ሲታዘዝ ያንን ጸሐፊ የጠየቀው አልነበረም። የጉባኤው ሰብሳቢም ሥራው እንዲነሣ አስቀድሞ የሚደግፍ ሹም ስለ ነበር፣ ዘግይቶ የመጣው ጥያቄ እንኳ በቅን አልቀረበም ለማለት ያስደፍራል።

ሴራ ሥራው ለዚያ ስፍራ ብቻ የተሠራ ስለ ሆነ፣ ማንሣት ማጥፋት ነው ብሎ ተሟገተ። ፍርድ ቤቱ ግን ሥራው የተሸጠለት መንግሥት ንብረት ነው በማለት ክሱን ጣለው። በመጋቢት 15 ቀን 1989 ሌሊት ብረቱ ከአደባባዩ ተነቅሎ ወደ መጋዘን ተወሰደ። በ1990 የአሜሪካ ምክር ቤት የሠዓሊያንንና የቀራፂያንን መብት የሚጠብቅ ሕግ አወጣ፤ ነገር ግን በ2006 በቦስተን ያለው የይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ሕጉ ለአንድ ስፍራ ብቻ የተሠራውን ሥራ ከስፍራው ከመነሣት አያድነውም ሲል ወሰነ።