ሯጭ ያሳደገ የደመወዝ መዝገብ

ከአዲስ አበባ በደቡብ በኩል ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው አቃቂ በሰው ዘንድ የምትታወቀው በባቡር ሐዲዷ፣ በወንዟና በፋብሪካዎቿ ነው፤ የሩጫን ነገር የሚያውቁ ግን፣ ከእንጦጦ ዝቅ ብላ አየሯ ሞቅ ያለ፣ ሜዳዋም ለጥ ያለ በመሆኑ፣ በተራራው ላይ ትንፋሹን ያጸና ሯጭ ፍጥነቱን የሚፈትንባት ስፍራ መሆኗን ይመሰክሩላታል። ጧት በኮረኮንቹ ላይ ከሚሮጡት ወጣቶች ብዙዎቹ ስማቸው በአንድ መሥሪያ ቤት የደመወዝ መዝገብ የሰፈረ የክለብ ልጆች ናቸው።

የዚህ ልማድ ምንጩ ክቡር ዘበኛ ነው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ በሮም ከተማ ባዶ እግሩን ሮጦ ማራቶንን ባሸነፈ ጊዜ፣ በጥቅምት 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ድሉን በደገመም ጊዜ፣ ከእርሱም በኋላ ማሞ ወልዴ በጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ሦስተኛውን ወርቅ ባመጣ ጊዜ፣ ሁለቱም በወታደር ደመወዝ የሚኖሩ ነበሩ፤ የድላቸውም ዋጋ የማዕርግ ዕድገት ነበር። በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ የ5,000ና የ10,000 ሜትር ድል የተቀዳጀው ምሩጽ ይፍጠርም የአየር ኃይል ሰው ነበር።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ የወኅኒ ቤቱ ድርሻ ነው። ዛሬ ቃሊቲ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ እስር ቤቱ ይሄዳል፤ እስረኛ ለመጠበቅ የተቋቋመው ያው መሥሪያ ቤት ግን፣ ማረሚያ በሚባለው ክለቡ አማካይነት፣ ከአርሲ ገጠር የመጡ ልጃገረዶችን ተቀብሎ አሳድጓል። በነሐሴ 1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር አሸንፋ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ ባለ ወርቅ የሆነችው ደራርቱ ቱሉ በዚያ ቤት ያደገች ናት፤ ዘመዷ ጥሩነሽ ዲባባም እንዲሁ። ለገበሬ ልጅ፣ ይልቁንም ለሴት ልጅ፣ ገና ምንም ሳታሸንፍ በየወሩ የሚቈረጥላት ጥቂት ብር፣ ለወላጆቿ «ሥራ ይዣለሁ» የምትልበት ማስረጃ ስለሆነ፣ ከማናቸውም ሽልማት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ወጣትን ከሥር ማሳደግ በሌላም ሀገር የታየ ነገር ነው፤ በአሜሪካ፣ ቤዝቦል በሚባለው ጨዋታ፣ የሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ መሪ ብራንች ሪኪ ባለጠጎቹ ክለቦች የበሰለውን ተጫዋች በገንዘብ ሲነጥቁት፣ በየትንሹ ከተማ ያሉትን ቡድኖች በእጁ እያስገባ ወጣቶችን ከሥር ማሳደግ ጀመረ፤ ክለቡም በ1919 ዓ.ም. ኃያሉን የኒው ዮርክ ያንኪስን አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ይሁን እንጂ የሪኪ ሥርዓት የተመሠረተው ያሳደጉትን ሸጦ በማትረፍ ጭምር ነበር፤ ክቡር ዘበኛ ግን አበበን ለማንም ሊሸጠው አላሳደገውም።

ከ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ የሩጫ ሽልማት በገሃድ መከፈል ከጀመረ በኋላ፣ በውጭ ሀገር የአንድ ቀን ውድድር ክለቡ በብዙ ዓመት የማይከፍለውን ገንዘብ ስለሚያስገኝ፣ ስሙ የታወቀ ሯጭ ከመሥሪያ ቤቱ ደመወዝ የሚጠብቀው ነገር እጅግ አነሰ። ስለዚህ አንዳንዶች ክለቦቹ ጊዜያቸው አልፏል ይላሉ፤ እኔ ግን አልስማማም፤ ሽልማቱ የሚደርሰው ላሸነፈ ብቻ ነውና፣ ገና ያላሸነፈውን ማን ይቀልበዋል? ጥሩነሽ በነሐሴ 2000 ዓ.ም. በቤጂንግ 5,000ውንም 10,000ውንም አሸንፋ፣ በአንድ ኦሊምፒክ ሁለቱን ያጣመረች የመጀመሪያዋ ሴት ከመሆኗ አስቀድሞ፣ ማንም የማያውቃት የክለብ ጀማሪ ነበረች፤ በዚያ ድል መታሰቢያነት ጥሩነሽ ቤጂንግ የተባለው ሆስፒታልም ዛሬ በዚሁ በአቃቂ ቃሊቲ ሕሙማንን ያክማል።