በዋጃ ሜዳ ያለፈው ጎዳና

ከቆቦ ተነሥቶ ወደ አላማጣ የሚያቀናው ጎዳና የዋጃን ሜዳ ሰንጥቆ ያልፋል። በስተምሥራቅ ዞብል፣ በስተምዕራብ የላስታ ደጋ ያጥሩታል። አገሩ የማሽላና የጤፍ አገር ነው፤ ዝናቡ ሲከዳው ገበሬው ከደጋው የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፈ ወደ ማሳው ያስገባል። መንገደኛው ይህን ሁሉ በመስኮት አይቶ ያልፋል፤ ጎማው ሥር ስለ ተነጠፈው ጎዳና ግን አይጠይቅም።

ጎዳናው የፋሽስት ወረራ ቅሪት መሆኑ ከልጅነታችን ጀምሮ ሲነገረን ኖሯል። ሳይነገረን የቀረ የታሪኩ ግማሽ አለ። ይኸውም ጎዳናው ከጦር መንገድነቱ ጋር ለሥራ አጦች እንጀራ መስጫ የታቀደ የመንግሥት ሥራ መሆኑ ነው። ሥራ አጦቹ ግን የራያ ልጆች አልነበሩም።

እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1929 የኢኮኖሚ ቀውስ በተነሣ ጊዜ የካፒታሊስቱ ዓለም ፋብሪካዎች በየተራ ተዘጉ፤ መንግሥታትም ሥራ አጡን ወዛደር በድልድይና በመንገድ ሥራ ማሰማራት ያዙ። በአሜሪካ በ1935 ለዚሁ ተግባር የተቋቋመው መሥሪያ ቤት እስከ 1943 ድረስ ወደ 8.5 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች ሥራ ሰጥቷል። (ለእኛ ለቴአትር ሰዎች የሚገርመው ሥራ አጥ ተዋንያንና ጸሐፌ ተውኔቶችም ከአካፋ ያዡ እኩል ደመወዝተኛ መሆናቸው ነው። ምክር ቤቱ በ1939 በጀቱን ዘግቶ ቴአትሩን አጠፋው።) በኢጣሊያ ደግሞ የተመዘገበው ሥራ አጥ በ1933 ከአንድ ሚሊዮን አልፎ ነበር። ሙሶሊኒ የፖንቲንን ረግረግ በማስደረቅና በአገሩ መንገድ በማሠራት የጀመረውን ፖሊሲ ቀይ ባሕርን አሻገረው። ለራሱ ሥራ አጥ የሌላውን አገር ሥራ ቦታ አደረገለት ማለት ነው።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ጦርነት ሠራዊታችን ተፈታ፤ ሚያዝያ 7 ቀን ደሴ፣ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ተያዙ። ጦሩን ተከትሎ ሌላ ጦር መጣ። አካፋና ዶማ ያነገበ፣ በሚሊሻ ሥርዐት በመቶ በመቶ የተደራጀ የሠራተኛ ጦር። በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ በምሥራቅ አፍሪካ ግዛት የነበሩት የኢጣሊያ ሠራተኞች ከመቶ ሺህ በላይ ደረሱ። አብዛኞቹ መሬት የሌላቸው የገጠር ሰዎች ነበሩ፤ ከአገራቸው የተሻለ የቀን ክፍያ እያገኙ ለቤተሰቦቻቸው ገንዘብ ይልኩ ነበር። ከአስመራ ተነሥቶ በመቀሌ፣ በማይጨው፣ በግራ ካሶ ጠመዝማዛ ወርዶ፣ በአላማጣ፣ በዋጃና በቆቦ ሜዳ ተዘርግቶ፣ በወልድያና በደሴ አዲስ አበባ የሚደርሰው ጎዳና የተሠራው በዚህ ሁኔታ ነው። 587 ሜትር የሚረዝመው የጣርማ በር ዋሻም የዚሁ ጎዳና አካል ነው።

ታዲያ ኢትዮጵያዊው የት ነበር? እዚያው ነበር፤ ድንጋይ እየፈለጠ፣ ባሬላ እየተሸከመ። አንዳንዱ በግዳጅ፣ አንዳንዱ የዕለት ገቢ ፈልጎ ቀርቧል። ክፍያው ግን አጠገቡ ከቆመው ኢጣሊያዊ ክፍያ በብዙ እጅ ያነሰ ነበር። ካቦው ነጭ፣ ተሸካሚው ጥቁር እንዲሆን የተፈለገው ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል አይደለም። ነጭና ጥቁር ጎን ለጎን ላባቸውን ሲያፈሱ መታየታቸው የገዢውን ዘር ክብር ያዋርዳል የሚል ስጋት የፋሽስት ባለ ሥልጣኖችን ያስጨንቃቸው ነበር። ሚያዝያ 11 ቀን 1929 ዓ.ም. ኢጣሊያዊ ከአፍሪካዊት ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር የከለከለው አዋጅ የወጣው በዚሁ መንፈስ ነው። ዘረኝነቱ ግን በሒሳብ ተረታ። ኢጣሊያዊውን ሠራተኛ ማጓጓዙ፣ መቀለቡና መክፈሉ የሮማን ግምጃ ቤት ስለ ጎዳው ብዙዎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ባሬላው በርካሽ ለሚሠራው ለአፍሪካዊው ተተወ። ካቦና ባሬላ የሚሉት ቃላት ዛሬም በግንባታ ሥራ ቦታዎቻችን አሉ።

ጎዳናው የጦር ተግባሩንም አላቋረጠም። በ1930 ዓ.ም. መባቻ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በላስታ ባመፁ ጊዜ ጠላት አመፁን ለመቅጣት ጦሩን ያንቀሳቀሰው በእነዚህ አዳዲስ መንገዶች እየታገዘ ነው።

ጠላት ወጣ፣ ጎዳናው ቀረ። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ሲቋቋም የዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ የተሰባበረው ተጠገነ። ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ ግን ጎዳናው ሌላ ነገር አየ። በ1965 ዓ.ም. ወሎን በመታው ረሃብ እጅግ ከተጎዱት አውራጃዎች አንዱ ራያና ቆቦ ነበር። ከብቱ ያለቀበት፣ ማሽላው የደረቀበት ገበሬ ከቤተሰቡ ጋር ወጥቶ በዚሁ ጎዳና ዳር ቆመ፤ አውቶቡስና መኪና እያስቆመ እህል ለመነ። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 ባሳተመው ስለ ድህነትና ረሃብ በሚያወሳ መጽሐፉ ይህንኑ ዘግቧል። የደሴ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረ፣ ከወሎም ወደ ውጭ የተጫነ እህል እንደ ነበረ አሳይቷል። እህሉ በጎዳናው ላይ ያልፋል፤ የጎዳናው ዳር ሰው መግዣ የለውም። መግዣ የሚሰጠው ደግሞ ሥራ ነበር። ፋሽስቱ መንግሥት ለገዛ ሥራ አጦቹ ባሕር አሻግሮ ያዘጋጀውን የቀን ሥራ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ለገዛ ገበሬው በደጁ አላዘጋጀለትም።

እንዲህ ያለው ሥራ ወደ ቆቦ ቆላ በሰፊው የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት በመላ አገሪቱ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ አቅፎ፣ ገበሬውን በእርከንና በቀበሌ መንገድ ሥራ አሰማራ። ለአንድ ሰው በወር የአምስት ቀን ሥራ ይታሰብለት ነበር፤ የቀኑ ክፍያ መጀመሪያ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሽቅብ ሲወጣ 6 ብሩ ተጨምሮበት እንኳ 3 ኪሎውን መግዛት ተሳነው። ያን ጊዜ ብዙው ተከፋይ ብሩን ትቶ ስንዴውን ጠየቀ።