ንዳድ፣ ተስቦ፣ ግርሻ

የትኩሳት ስሞቻችንን ባሰብኩ ቁጥር የሰጡን ሰዎች አስተውሎት ይገርመኛል። ቆላ ወርዶ የተመለሰውን የሚያነደው ንዳድ ነው። ከሰው ወደ ሰው፣ ከቤት ወደ ቤት የሚዛመተው ተስቦ። ተሻለው ሲባል ተመልሶ የሚጥለው ደግሞ ግርሻ። ስሞቹ ቢለያዩም ሕመሞቹ አንዳንዴ በአንድ ሕፃን ገላ ውስጥ አብረው ያድራሉ፤ ጣጣው እዚህ ላይ ነው።

ኦቶ ኦበርማየር እ.ኤ.አ. በ1868 በርሊን ውስጥ በግርሻ ታማሚዎች ደም ውስጥ እንደ ክር የተጠማዘዙ፣ የሚላወሱ ነገሮች አየ፤ ለዓለም ያሳወቀው ግን በ1873 ነው። ፈረንሳዊው የጦር ሐኪም ላቬራን በ1880 አልጄሪያ፣ ኮንስታንቲን ከተማ፣ የወባን ተሐዋሲ አገኘ። ጀርመናዊው ጊምዛ በ1904 ያወጣው ቀለም ሁለቱንም በአንድ ስላይድ ላይ ያሳያል። ቅማል ያመጣችውና ቢምቢ ያመጣችው በአንድ ጠብታ ደም ይገናኛሉ ማለት ነው። ባለሙያው ወባውን አይቶ ቀና ካለ ግን ሌላው ያመልጠዋል። የግርሻው ተሐዋሲ ደግሞ ትኩሳቱ ሲበርድ ከደም ውስጥ ስለሚመናመን፣ ደሙ የተወሰደበት ሰዓት ራሱ ይፈርዳል።

እ.ኤ.አ. በ1958 በአገራችን የተነሳው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህሉን እንደገደለ ይገመታል። ይህን ያየ ሕዝብ ልጁ ባተኮሰው ቁጥር «ወባ ነው» ቢል አልፈርድበትም።

በ1990ዎቹ ብቅ ያለው ፈጣን መመርመሪያ ማይክሮስኮፕ ላልደረሰበት ገጠር ትልቅ ውለታ ውሏል። ሆኖም የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው፤ ኦበርማየር ያየውን ክር አያይም። ወባ በበረታበት አገር ደግሞ ተሐዋሲውን በደማቸው ይዘው ሳይታመሙ የሚቦርቁ ልጆች አሉ። ስለዚህ «ወባ አለ» የሚለው መስመር የዛሬው ትኩሳት ከወባ መምጣቱን ብቻውን አያረጋግጥም።

ድሬዳዋን እንመልከት። በ2013 ደንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ፣ በ2022 ወባ ተነሳባት። ለመጨረሻው ምክንያት የሆነችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ በአገራችን መኖሯ የታወቀው በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ነው፤ እንደ ደንጊዋ ቢምቢ ሁሉ በቤት የውሃ ማጠራቀሚያ ትራባለች። ያው በርሜል ለሁለቱም ይበቃል! የድሬ እናት የሚያተኩሰውን ልጇን ታቅፋ ስትመጣ፣ ወባ ከሆነ መድኃኒቱ አይዘገይም፤ ደንጊ ከሆነ አስፕሪን መስጠት ደም መፍሰስን ያባብሳል። ሁለቱም ሊሆን ይችላል። የወባውን ኪኒን ጨርሶ ትኩሳቱ ያልለቀቀው ልጅ ተመልሶ ሲመጣ፣ በካርዱ ላይ የተጻፈውን የፊተኛውን ስም ወደ ጎን አድርጎ እንደ አዲስ መመርመር ይገባል።