የሀብት እርከንና የሀብት ጣሪያ

ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ ስሌት በየካፌው የወጣቶች ወግ ሆኗል። የዓመት ወጪህን በ25 አባዛ፤ ያንን ያህል ያጠራቀምክ ዕለት ለእንጀራ ብለህ መሥራትህ ያበቃል ይላል። ስሌቱ መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1994 ዊልያም ቤንገን የተባለ አሜሪካዊ የገንዘብ አማካሪ የአገሩን የአክሲዮንና የቦንድ ገበያ የቆየ መዝገብ አገላበጠ። አንድ ጡረተኛ በመጀመሪያው ዓመት ካጠራቀመው 4 በመቶ ገደማ ቢያወጣ፣ ከዚያም በየዓመቱ የዋጋውን ንረት እየደመረ ቢቀጥል፣ ገንዘቡ ቢያንስ 30 ዓመት እንደሚያዘልቀው ጻፈ። ዛሬ ብዙ ሰው ያንን መንገድ በእርከን ከፋፍሎ ይጓዛል፤ መጀመሪያ ዕዳ መክፈል፣ ቀጥሎ የስድስት ወር ቀለብ መያዝ፣ ቀጥሎ የመጀመሪያው መቶ ሺህ፣ እያለ እያለ ወደ ላይ።

እኛ ዘንድ የነገሩ ስም የቆየ ነው። ራስን መቻል እንለዋለን፤ ጠበቅ ሲል ደግሞ የሰው እጅ አለማየት። ስሙ እንጂ ቁጥሩ አልነበረንም። ለምን እንዳልነበረን ለማወቅ የፈለገ ሰው ከባንክ ታሪክ ይልቅ የቤትን ታሪክ ቢመለከት ይሻለዋል ባይ ነኝ። ለዚህም ሩቅ አልሄድም፤ ያደግሁበት ላንቻ ይበቃኛል።

ላንቻ ከመስቀል አደባባይ በደብረ ዘይት መንገድ ወደ ጎተራ ሲወርዱ የሚገኝ ሰፈር ነው። ስሙን ያገኘው ላንቺያ ከተባለው የጣሊያን መኪና ነው ይባላል። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም በዚሁ ስም ፌርማታ አለው። በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ የአዲስ አበባ ቦታ አብዛኛው በጥቂት ባለርስቶች እጅ ነበር፤ ከነዋሪውም የሚበዛው ተከራይ። ስለዚህ እንዲህ ባለ ሰፈር ጠባብ ቦታ ያገኘ ደኻ ገንዘብ ሲተርፈው ወደ ባንክ አይሮጥም፤ ከቤቱ ጎን አንድ ክፍል ይቀጥላል። ጭቃ ይመርጋል፣ ቆርቆሮ ያለብሳል፣ ያከራያል። ተከራይ አይጠፋም።

በመንደራችን ጉልት ይቸረችሩ የነበሩ አንዲት ባልቴት ነበሩ። እኔ ሳውቃቸው አርጅተው ነበር፤ እማማ እንላቸዋለን። ትልቋ ልጃቸው ትጽፍላቸው የነበረች፣ ጠርዟ የተበላ ደብተር ነበረቻቸው። የዕቁብ ዕጣ የወጣበት ቀን፣ የአጣናና የቆርቆሮ ዋጋ፣ የአናጢ ሒሳብ ሰፍሮባታል። ከሁሉ በላይ ግን በአንዱ ገጽ ላይ ሦስት መስመር አለ። የመጀመሪያዋ ክፍል ኪራይ ለጤፍ። ሁለተኛዋ ለልጆች ልብስና ለትምህርት። ሦስተኛዋ ስትከራይ ከጉልት መነሣት።

ቤንገን ስሌቱን ከመጻፉ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ የተጻፈ ነው። አንባቢ ልብ ቢል፣ በሦስቱም መስመር ላይ የብር ቁጥር የለም። እያንዳንዱ እርከን የሚለካው በሚያነሣው ሸክም ነው። ገንዘቡ የሚመጣው ከዕቁብ ነው፤ አንድ ዕጣ፣ አንድ ክፍል። ዕቁብ ወለድ የለውም፣ ዳኛና ጸሐፊ ግን አለው። ሳምንቱን ያልከፈለ ሰው በሰፈሩ ቀና ብሎ አይሄድም፤ ከወለድ ይልቅ ይህ ሳያስቆጥብ አይቀርም።

ሦስተኛዋ ክፍል ተመርጋ ያለቀችው በ1967 ዓ.ም. ሚያዝያ ነበር።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 47 ታወጀ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ አይኖረውም፤ ለመኖሪያ ቤት መሥሪያ የሚፈቀደውም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር አይበልጥም። ማከራየት ለመንግሥትና ለቀበሌ ብቻ ሆነ፤ በወር እስከ 100 ብር የሚከራየው ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ወደ ኪራይ ቤቶች ሄደ። በዓመቱ በ1968 ታኅሣሥ ደግሞ ለነጋዴው ጣሪያ ወጣለት፤ ለችርቻሮ 200 ሺህ፣ ለጅምላ 300 ሺህ፣ ለኢንዱስትሪ 500 ሺህ ብር ካፒታል። በአንድ ሰው ስም የሚሰጠውም አንድ የንግድ ፈቃድ ብቻ። በታሪካችን የሀብት መድረሻ በቁጥር ተለይቶ በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው እንግዲህ ያኔ ነው፤ የወጣው ግን እንደ ጣሪያ ነው።

አዋጁን በጥቅሉ መራገም አይቻለኝም። ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ ሲቀንስ፣ በርካሹ ቤት ላይ ቅናሹ ሲበዛ፣ ዕልል ያለው ተከራይ እውነቱን ነበር። ከደመወዙ እኩሌታውን ለባለቤት ሲገብር የኖረ ሰው ሌላ ምን ይበል? ጥፋቱ፣ ሰፊ መሬትና ብዙ ሕንፃ የነበረውን መስፍንና ሦስት የጭቃ ክፍል ያላቸውን ባልቴት «የትርፍ ቤት ባለቤት» በሚል አንድ ስም መጥራቱ ላይ ነው። ከኪራይ በቀር መተዳደሪያ ለሌላቸው ሰዎች በወር እስከ 250 ብር እንዲከፈላቸው ተደንግጎ ነበር። እማማ ግን ጉልት ነበራቸውና ከነዚያ አልተቆጠሩም። ጉልቱን የሚተውበት ክፍል ተወስዶባቸው፣ በጉልቱ ምክንያት ድጎማው ቀረባቸው።

ተከራዮቹ ከግቢው አልወጡም። በአንድ በር ይገባሉ፣ ከአንድ ቧንቧ ይቀዳሉ፣ ኪራዩን ቀበሌ ይከፍላሉ። ከመካከላቸው አንዲቱ በየዓውደ ዓመቱ ለእማማ ድፎ ዳቦ ይዛ ትገባ ነበር አሉኝ፤ ኪራይ ነው ብለው እንደሚስቁም ጭምር።

ከዚያ በኋላ ደብተሩ ላይ የቤት ሒሳብ የለም። የጆሮ ወርቅ አለ። የልጆች ክፍል አለ፤ ስምንተኛን አለፈ፣ አሥራ ሁለተኛን ተፈተነች። ከተማው ሁሉ እንዲሁ ያደረገ ይመስለኛል። ቤት ሲዘጋበት፣ ንግድ ጣሪያ ሲመታበት፣ እርከኑን ወደ ልጅ አዛወረው። «ልጆቼን አስተምሬ ካሳለፍኩ ይበቃኛል» የሚለውን አባባል ቅድስና ብቻ አድርገን እንወስደዋለን፤ ሊወረስ የማይችል ቁጠባ ፍለጋም ነበረበት።

ጣሪያው የተነሣው በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው። በ1986 ለግል ባንክ በር ተከፈተ፤ አዋሽ ባንክ በ486 ባለአክሲዮኖች በ1987 ተመሠረተ። ቁጥር መቁጠር ቢፈቀድም ቁጥሩ አልረጋ አለ። በ1985 መስከረም አንድ ዶላር ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ወጣ። በ2016 ሐምሌ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ። በመካከሉ በ2014 የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ሲሆን፣ ባንክ ለቁጠባ እንዲከፍል የተወሰነው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር። እንዲህ ባለ ዓመት የ25 ዓመት ወጪውን ባንክ ያስቀመጠ ሰው ከአሥር ዓመት በኋላ የት እንደሚገኝ አስሉት። ለዚህ ነው የዛሬው የላንቻ ወጣት በአንድ አፉ ሚሊዮን እያለ በሌላው ካሬ ሜትርና ዶላር የሚቆጥረው። ሰነፍ ስለሆነ ወይም ስሌቱ ስላልገባው አይደለም።

እማማ ከጉልት የተነሡት በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ሁለተኛዋ ልጃቸው ቤይሩት ሰው ቤት ተቀጥራ ገንዘብ መላክ የጀመረች ጊዜ። በደብተሩ ላይ ከሦስተኛው መስመር ትይዩ፣ በሌላ ቀለም፣ «ቤይሩት» ተብሎ ተጽፏል።